የእስራኤል ሥነ ጽሑፍ በዕብራይስጥ የተጻፈው ብቻ ነውን? (ክርክር)

አወያይ፦

ለዚህ ሳምንት ያቀረብነው ጥያቄ ከአንድ ሽልማት ይነሣል። በ1966 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን) የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለሁለት ሰዎች ተከፈለ። አንደኛው በጋሊሲያዋ ቡቻች ከተማ ተወልዶ በኢየሩሳሌም የኖረው ሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን ነው፤ የሚጽፈው በዕብራይስጥ ነበር። ሁለተኛዋ ከበርሊን ሸሽታ በስዊድን የተጠለለችው ኔሊ ዛክስ ናት፤ የምትጽፈው በጀርመንኛ ነበር። ሁለቱም አይሁድ ናቸው፤ ሁለቱም የጻፉት ስለ ሕዝባቸው ዕጣ ነው። እንግዲህ በእስራኤል ትምህርት ቤት አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር «የእኛ» ብሎ የሚያስተምረው በዕብራይስጥ የተጻፈውን ብቻ ሊሆን ይገባልን? ወይስ አይሁድ በይዲሽ (በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ)፣ በዓረብኛ፣ በግዕዝና በአማርኛ ያቆዩት ሁሉ እኩል ቦታ ይገባዋል? ተከራካሪዎችን በከተማቸውና በሙያቸው እንጠራቸዋለን።

የሐይፋው መሐንዲስ፦

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። የእስራኤል ሥነ ጽሑፍ በዕብራይስጥ የተጻፈው ነው፤ ሌላው ክቡር ቢሆንም የመጣንበትን መንገድ ያሳያል እንጂ የምንኖርበት ቤት አይደለም። ይህን የምለው አማርኛን ንቄ አይደለም፤ አሁንም የምጽፈው በእርሱ ነው።

በሐይፋ የሚኖር ሰው የ1913ቱን «የቋንቋዎች ጦርነት» ሳያነሣ ስለዚህ ጉዳይ መናገር ይከብደዋል። ቴክኒዮን የሚባለው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ሕንፃ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ገንዘብ ያዋጣው የጀርመን አይሁድ የርዳታ ማኅበር የሳይንስ ትምህርት በጀርመንኛ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም ቀላል አልነበረም፤ ዕብራይስጥ በዚያን ጊዜ ለኬሚስትሪና ለመካኒክስ የሚበቃ ቃልም ሆነ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረውም። ይሁን እንጂ መምህራንና ተማሪዎች የማኅበሩን ትምህርት ቤቶች ጥለው ወጡ፤ በተከታዩ ዓመት ውሳኔው ተሻረ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1924 ትምህርቱ ሲጀመር በዕብራይስጥ ሆነ። እኔ ከጎንደር ገጠር ተነሥቼ በ1984 በሱዳን በኩል በልጅነቴ የገባሁ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ተቋም ፊዚክስ ስማር በአንድ ወገን የፖላንዳዊ ልጅ፣ በሌላ ወገን የሞሮኳዊ ልጅ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሦስታችንም የምንማርበት ቋንቋ ለአያቶቻችን የአፍ መፍቻ አልነበረም።

ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ዕብራይስጥን መልሶ የአፍ ቋንቋ ለማድረግ የተነሣው ኤልዔዘር ቤን ዬሁዳ በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ በተከታዩ ዓመት የተወለደለትን ልጅ በዕብራይስጥ ብቻ ሲያሳድግ፣ ልጁ በዚያ ቋንቋ አብሮት የሚጫወት እኩያ አልነበረውም። ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጻሕፍት ቋንቋ ነበር እንጂ የማንም ማጀት ቋንቋ አልነበረም፤ የማንም ርስት ስላልነበረም ለሁሉ ሊዳረስ ቻለ። በይዲሽ ወይም በጀርመንኛ የተመሠረተ አገር ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው እስከ ዛሬ እንግዶች በሆንን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ በመርከዝ ክሊታ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል፣ ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ክፍል) ስትገባ ዕድሜዋ ከአርባ አልፎ ነበር፤ በአማርኛም ማንበብ አታውቅም ነበር። እርሳሱን እንደ እንዝርት በሁለት ጣቷ ይዛ «ላሜድ» የምትባለውን ፊደል ስትጽፍ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። የላሜድ አናት ከመስመሩ በላይ ይወጣል፤ እርሷ ግን እንዳይወድቅ የፈራች ይመስል ሁልጊዜ ወደ ታች ታጥፈው ነበር። በሕይወቷ መጀመሪያ ያነበበችው ቃል የዕብራይስጥ ቃል ነው። ንባብን የሰጣት ቋንቋ የእርሷ አይደለም የሚል ካለ አስረድቶ ያሳምነኝ።

የነታንያዋ መምህርት፦

የሐይፋው ወንድማችን ስለ እናታቸው የጻፉትን ደግሜ አነበብኩት፤ ከጻፉት አንዱንም ቃል አልክድም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ዕብራይስጥ ብቻውን የአይሁድን ባህል ይሸከማል ወይ?

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ዕብራይስጥን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ናቸው። ለባግሩት (ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ) ፈተና ከምናነባቸው ገጣሚያን አንዱ በ1924 በጀርመኗ ቩርትስቡርግ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል ምድር የመጣው ዬሁዳ አሚካይ ነው። በአንድ ግጥሙ መክፈቻ ላይ በቀብር ሥርዓት የሚደገመውን «ኤል ማሌ ራሐሚም» (ምሕረት የሞላበት አምላክ) የሚለውን ጸሎት ቃል በቃል ያመጣና፣ አምላክ ምሕረቱን በራሱ ዘንድ ባይሞላው ኖሮ ለዓለምም በተረፈ ነበር ወደሚል ክስ ያዞረዋል። ግጥሙን ሳነብ መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ አልነበረም፤ አንድም የማያውቁት ቃል የለበትምና። ሆኖም አብዛኞቹ መክፈቻውን እንደ ማንኛውም ያማረ አነጋገር አልፈውት ሄዱ። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ፣ በዚያው ወር አያቱን የቀበረ አንድ ልጅ ብቻ ቀና አለና «ሞራ (መምህርት)፣ ይህን እኮ መቃብር ላይ ነው የሚሉት» አለ። ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። ክፍሉ ግጥሙን በእውነት ያነበበው ከዚያ በኋላ ነው።

ቃል ሁሉ እያለ ትርጉሙ ሊያመልጥ እንደሚችል ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። ቋንቋው በዕለት ተዕለት ኑሮ ሲውል ከሥሩ እየራቀ ሄዷል። «ታርቡት» ዛሬ ባህል ማለት ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ 32፥14 ግን ሙሴ ሰዎቹን የኃጢአተኞች ዘር ብሎ ሲገሥጽ የተናገረው ቃል ነው። «ቢታሖን» በቀደሙት መጻሕፍት በእግዚአብሔር መታመን ነበር፤ ዛሬ ግን የጦርና የጸጥታ ጉዳይ ነው። «ሐሽማል» ሕዝቅኤል በራእዩ በእሳቱ መካከል ያየው የሚያበራ ነገር ነበር፤ ዛሬ ቤታችን በየሁለት ወሩ ደረሰኝ የሚመጣበት መብራት ነው። የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ተመራማሪው ጌርሾም ሾሌም በ1926 ለፈላስፋው ፍራንዝ ሮዘንዝዋይግ በጻፈው ደብዳቤ፣ በእነዚህ ቃላት ውስጥ የተቀበረው ቅዱስ ኃይል አንድ ቀን እንደ እሳተ ገሞራ በተናጋሪዎቹ ላይ ይፈነዳል ብሎ ሠግቶ ነበር። የእኔ ሥጋት ተቃራኒው ነው፤ ምንም ሳይፈነዳ፣ ማንም ሳያስተውለው እንዳይጠፋ እፈራለሁ።

ከዚህ በላይ የሚያመኝ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን አነጋገር «ሲፍሩት» ሥነ ጽሑፍ ነው፤ «ሞረሼት» ቅርስ ነው። ከአውሮፓ የመጣው ጽሑፍ ሲፍሩት በሚለው መደርደሪያ ሲቀመጥ፣ ከየመን፣ ከባግዳድና ከጎንደር የመጣው ብዙ ጊዜ ሞረሼት በሚለው ይቀመጣል። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በዓል የሆነው ስግድ በ2008 በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ የአገር በዓል ሆኖ ተደንግጓል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቀድሞ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ስግድ ሲደርስ የሚጠሩኝ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ዳቦ እንዳመጣና ጭፈራ እንዳሳይ ነበር። ጽሑፍ አምጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። በዓሉ ሲያልፍ እኔም ወደ አግኖን እመለስ ነበር፤ አግኖንን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የአያቴ ቃል ለአንድ ቀን ብቻ ተከፍቶ የሚዘጋ ሣጥን ሆኖ መቅረቱን አልቀበልም።

የአዲስ አበባው ተርጓሚ፦

እኔ የጉዳዩ ባለቤት አይደለሁም፤ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር የምውል ተርጓሚ ነኝ። መምህርቷ ስለ አሚካይ የጻፉት ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ያመለጠው ሰው ቋንቋውን አያውቅም አይባልም፤ ትምህርቱ ግን ጎድሎታል።

ከሁለቱም ወገን ያልተነሣ አንድ ነጥብ አለ። ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመናት ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ኦሪታቸው በግዕዝ ናት፤ ወደ ግዕዝም የተመለሰችው ሰባ ሊቃናት ካዘጋጁት የግሪክ ትርጉም ነው። ይህ ማለት አንድ ሕዝብ የሙሴን ሕግ በትርጉም ትርጉም ተቀብሎ ሰንበትን ጠበቀ፣ ፋሲካን አከበረ፣ ለኢየሩሳሌም ሰገደ ማለት ነው። ማንነት በዋናው ቋንቋ ብቻ ይኖራል የሚለውን ሐሳብ በታሪክ የሚያፈርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር እኔ አላውቅም።

ለመምህርቷም የሚጐረብጥ ነገር አለኝ። «የአያቴ ቃል» ሲሉ አማርኛን ማለትዎ ከሆነ፣ አማርኛም በበኩሉ የሌላ ቋንቋ ቦታ የወሰደ ነው። የቋራ አገውኛ የቤተ እስራኤል ቀደምት ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ በጸሎታቸው መካከል እንደ ደሴት የቀሩ ክፍሎች አሉ። ከትግራይ የመጡትም ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ስለዚህ «የእኛ ቋንቋ» የሚለው ጥያቄ ሲቆፈር ከሥሩ ሌላ ቋንቋ ይወጣል።

የሐይፋው መሐንዲስ፦

ተርጓሚው ሳያስቡት ለእኔ ተከራከሩልኝ። ቋራኛ ለአማርኛ ቦታ ከለቀቀ፣ አማርኛም ለዕብራይስጥ ቢለቅ ያው የተለመደ የሕዝባችን ታሪክ ነው። ልዩነቱ ዕብራይስጥ የመጨረሻው ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውም መሆኑ ነው። ስለ ኦሪት ያሉትንም አልክድም፤ ነገር ግን ወላጆቻችን በእግራቸው ሱዳን ድረስ የተጓዙት፣ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ የሞቱትን ጥለው ያለፉት፣ ግዕዙን በኢየሩሳሌም ለመጠበቅ ሳይሆን ከሕዝባቸው ጋር አንድ ለመሆን ነው። የአንድነቱ ቋንቋ ደግሞ ዕብራይስጥ ነው።

የኢየሩሳሌሟ ተመራማሪ፦

ክርክሩ በቤተ እስራኤል ዙሪያ ብቻ እንዳይቀር ከኢራቅ የመጡትን ጸሐፊዎች ላንሣ፤ በእነርሱ ታሪክ ሁለቱም አቋሞች በተግባር ተፈትነዋልና።

ሺሞን ባላስ በባግዳድ ተወልዶ በ1951 ወደ እስራኤል መጣ፤ በዓረብኛ የጀመረውን ጽሑፍ ትቶ በ1964 በመጠለያ ካምፕ ስለሚኖሩ ስደተኞች በዕብራይስጥ ልቦለድ አወጣ። ሳሚ ሚካኤልም በዓረብኛ ይጽፍ ነበር፤ በዕብራይስጥ የመጀመሪያ ልቦለዱ የወጣው በ1974 ነው፤ የግብፃዊውን ደራሲ የነጂብ ማሕፉዝን የካይሮ ሦስት ቅጾችም ወደ ዕብራይስጥ የተረጎመው እርሱ ነው። ሁለቱም ተነበቡ፤ ታወቁ። ሦስተኛው ሰሚር ነቃሽ ነው። በ1938 ባግዳድ ተወልዶ በ13 ዓመቱ መጣ፤ ልጅ ስለነበረ ዕብራይስጥን ለመልመድ ከሁለቱ ይልቅ ዕድል ነበረው። ሆኖም በ2004 እስኪሞት ድረስ ከዓረብኛ ውጭ አልጻፈም። ገጸ ባሕርያቱን የባግዳድ አይሁድ በሚናገሩበት ዘዬ ስለሚያናግራቸው፣ ለሌላው የዓረብኛ አንባቢ በግርጌ ማስታወሻ መተርጐም ነበረበት። በእስራኤል ዓረብኛ የሚያነብ አይሁዳዊ እያነሰ ሄደ፤ የሚኖረው በእስራኤል ስለሆነም በዓረብ አገሮች መጽሐፉ በቀላሉ አልተሠራጨም። እንግዲህ ይህ ሰው በየትኛው ክፍል ይማራል? በዕብራይስጥ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ እስራኤላዊ ግን ነው፤ አይሁዳዊም ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ተመልከቱ። በገሊላ ፋሱጣ በምትባል መንደር የተወለደው ክርስቲያን ዓረብ አንቶን ሻማስ በ1986 በዕብራይስጥ ልቦለድ አሳተመ፤ ዕብራይስጡም ከብዙ አይሁድ ጸሐፊዎች የበለጠ ሥር ያለው እንደሆነ እኔ በበኩሌ እመሰክራለሁ። በዚያው ጊዜ ሻማስና ደራሲው አ. ቢ. ዬሆሹዓ በአደባባይ ተከራከሩ፤ ሻማስ እስራኤላዊነት አይሁድንና ዓረብን በእኩልነት የሚይዝ ስም ይሁን ሲል፣ ዬሆሹዓ እስራኤላዊነት የአይሁድነት ምሉእ መልክ ነው ብሎ መለሰለት። የሐይፋው ወንድማችን «በዕብራይስጥ የተጻፈው የእኛ ነው» ካሉ፣ ሻማስ የእኛ ነው ማለታቸው ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ያን ጊዜ ግን ዕብራይስጥ የአይሁድ ማንነት መለኪያ መሆኑ ይቀራል።

ከዚህ አልፎ የሄደም ነበር። በ1940ዎቹ ዮናታን ራቶሽ የተባለው ገጣሚና ጓደኞቹ «ከነዓናውያን» የሚል ስም ወጥቶላቸው፣ በዚህች ምድር አዲስ የዕብራውያን ሕዝብ ተወልዷል፣ ከአይሁድነት ጋር መለያየት አለበት እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ቋንቋን ብቻ ይዞ የሚሄድ መንገድ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ስለሆነ አነሣኋቸው እንጂ፣ ተከታዮቻቸው ጥቂቶች ነበሩ።

ስለ ሕግ አንድ ቃል፦ ከ1922 የእንግሊዝ ሞግዚትነት ሰነድ ጀምሮ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ሁለቱም ይፋዊ ቋንቋዎች ነበሩ፤ የ2018ቱ የብሔር መንግሥት ሕግ ግን ዕብራይስጥን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ ለዓረብኛ «ልዩ ደረጃ» ብቻ ተወለት። በዚህ ጊዜ የነቃሽን ገጽ ክፍል ውስጥ መግለጥ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አንባቢ፦

እኔ አይሁዳዊ አይደለሁም፤ በሜሪላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ አጭር ቃል አለኝ። የተጠቀሰው ዬሆሹዓ በ2006 ዋሽንግተን መጥቶ ለአሜሪካ አይሁድ ምሉእ የአይሁድ ሕይወት የሚኖረው በእስራኤል ብቻ ነው ብሎ ሲናገር ብዙ ሰው ተቈጣ። እኔ በዚያ ክርክር ጊዜ ያሰብኩት በ1978 ኖቤል የተሸለመውን አይዛክ ባሼቪስ ሲንገርን ነበር። ፖላንድ ተወልዶ በኒው ዮርክ በይዲሽ ሲጽፍ ኖረ፤ የይዲሽ አንባቢ እየተመናመነ በሄደበት ዘመን ዓለም ያነበበው በትርጉም ነው። ዋና ሥራዎቹን በዕብራይስጥ አልጻፈም፣ በእስራኤል አልኖረም። በ1908 በቸርኖቪትስ የተሰበሰቡት ጸሐፊዎች ይዲሽን «የአይሁድ ሕዝብ አንድ ብሔራዊ ቋንቋ» ሲሉት «ብቸኛው» አላሉም፤ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም የተመረጠ ቃል ይመስለኛል፤ ዛሬም ከዚያ የተሻለ አልተገኘም።

የሐይፋው መሐንዲስ፦

ተመራማሪዋ ስለ ሻማስ ያሉት አስቸግሮኛል፤ ሌሊቱን አስቤበታለሁ። «የእኛ» ያልኩት ቃል ሁለት ነገር ይዟል፤ አንዱ የአገሩን ሥነ ጽሑፍ፣ ሌላው የሕዝቡን። ሻማስ የአገሩ ነው፤ ይህን በደስታ እቀበላለሁ። ሲንገርና ዛክስ የሕዝቡ ናቸው፤ ይህንንም እቀበላለሁ። ትምህርት ቤቱ የአገር ስለሆነ አገሩን ያስቀድም እላለሁ።

በነቃሽ ላይ ግን አልስማማም። አንባቢ በሌለው ቋንቋ መጻፍ መብት ነው፤ ታላቅነትም ሊሆን ይችላል፤ ልጆቻችንን ግን ወደዚያ ብቸኝነት ልንመራቸው አይገባም። የሃያ ዓመት ወጣቶቻችን በዕብራይስጥ ግጥምና ዘፈን ስለ ቆዳ ቀለማቸው፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ እናታቸው ዝምታ እየጻፉ ነው፤ አገሩ የሚሰማቸውም በዕብራይስጥ ስለሚናገሩ ነው። በአማርኛ ቢጮሁ ማን ይሰማቸዋል? ይህ ለእኔ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ የመሰማት ጉዳይ ነው።

ለመምህርቷ ሁለት የሥራ ጥያቄ አለኝ። እርስዎ ግዕዝ ያነባሉ? ደግሞስ ከአግኖንና ከአሚካይ የትኛውን ቀንሰው ነው የሚያስገቡት?

የነታንያዋ መምህርት፦

ግዕዝ አላነብም። በልጅነቴ ከገባሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ቀይረው በዕብራይስጥ ስም ጠሩኝ፤ ለደግ ነው ያሉኝም ከልባቸው ነበር። ስሜን መልሼ የወሰድኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው፤ ግዕዙን ግን መልሼ መውሰድ አልቻልኩም። ጥያቄዎ ትክክል ስለሆነ ነው እውነቱን የነገርኩዎት።

ስለ መቀነስም አልሸሽም። ምንም ሳልቀንስ ማስገባት እችላለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እኔ የምጠይቀው የተለየ የቅርስ ሰዓት ሳይሆን ባለው ሰዓት ውስጥ ጎን ለጎን ማንበብ ነው። «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባለው የቤተ እስራኤል የግዕዝ መጽሐፍ ሰንበትን በሴት አምሳል ያቀርባታል፤ በእግዚአብሔር ፊት ትቆማለች፤ ስለሚያከብሯት ትማልዳለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላዋ ከተማ በጽፋት የኖረው ሽሎሞ አልካቤጽ የደረሰው፣ ዓርብ ማታ በየምኩራቡ የሚዘመረው «ለኻ ዶዲ» ደግሞ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ወጥቶ ይቀበላታል። የቤተ እስራኤል ቄሶች ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር፤ የጽፋት ሊቃውንትም ግዕዝ አያውቁም ነበር። ሁለቱም ግን አንዲቱን ቀን አይተው ሴት አዩ። ይህን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ማሳየት የሞረሼት ሥራ ነው ወይስ የሲፍሩት? ከጎንደር የመጣውም፣ ከፌዝ የመጣውም፣ ከቪልና የመጣውም ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ገጽ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

መሰማትን በተመለከተ ያሉት ጠንካራ ነው። ወጣቶቻችን በዕብራይስጥ ይጻፉ፤ እኔም የማስተምራቸው ለዚያ ነው። ነገር ግን ባዶ እጃቸውን ሆነው ሳይሆን፣ አሚካይ የቀብሩን ጸሎት ይዞ እንደገባ፣ እነርሱም የራሳቸውን ጸሎት ይዘው ይግቡ።

የአዲስ አበባው ተርጓሚ፦

ለመምህርቷ የሚጠቅም ከሆነ፦ «ትእዛዘ ሰንበት»ን ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 በፓሪስ አሳትሞታል፤ ስለዚህ ጽሑፉን መፈለግ ከባድ አይሆንም። ትርጉሙም በአንድ ነገር የታደለ ነው። ሰንበት በግዕዙ «ይእቲ» እየተባለች በሴት አንቀጽ ትጠራለች፤ «ሻባት» በዕብራይስጥም ሴት ናት። ጀርመንኛና ይዲሽ ወንድ ያደርጓታል፤ ወደ እነርሱ የሚተረጉም ሰው እመቤቲቱን ሴት አድርጎ ለማቆየት መላ መፈለግ ይኖርበታል። ወደ ዕብራይስጥ የሚተረጉም ግን አንድም ግሥ መለወጥ አያስፈልገውም። የሐይፋው ወንድማችን ዕብራይስጥ ቤት ነው ያሉት በዚህ በኩል እውነትነት አለው፤ ግዕዙ ሲገባ በሩ አልጠበበውም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ትርጉሙ ብቻ ታትሞ ግዕዙ እንዳይቀር። የማያነበው ተማሪም ቢሆን ፊደሉን ይየው፤ ሕፃን ሆኖ በአያቱ ቤት ግድግዳ ያየው ፊደል በፈተና መጽሐፉ ውስጥ መቀመጡ በራሱ የሚናገረው አለው።

የሐይፋው መሐንዲስ፦

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ፤ በዕብራይስጥ ተተርጉሞ፣ ከ«ለኻ ዶዲ» ጎን፣ በሥነ ጽሑፍ ሰዓት፣ በባግሩት እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ጥያቄ የሚወጣበት ሆኖ ይማሩት። በስግድ ቀን ከዳቦ ጋር አይሁን፤ በዚህ ከመምህርቷ ጋር አንድ ነኝ። የግዕዙን ፊደል ስለማተም ያሉትንም ተቀብያለሁ። ሥነ ጽሑፍን በየማኅበረሰቡ ቋንቋ ስለ ማስተማር ግን አቋሜ አልተለወጠም፤ ስለ ይዲሽና ስለ ዓረብኛ ሰዓት ከተመራማሪዋ ጋር ገና እንከራከራለን።

መምህርቷ ግዕዙን የሚያነብልዎ ሰው ካጡ፣ በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ቄስ አሉ። ዕብራይስጣቸው ደካማ ነው፤ ከልጆቹ ጋር በቀጥታ መነጋገር አይችሉም። ቀኑን ይንገሩኝና ይዣቸው ነታንያ እመጣለሁ፤ እርሳቸው ያንብቡ፣ አማርኛቸውን እኔ ወደ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ።

የነታንያዋ መምህርት፦

ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ ያለው ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይመቸኛል። እናትዎም ከመጡ የፊት ወንበር እጠብቅላቸዋለሁ።